የሚደርስ መሣሪያ፣ የሚወስን መሣሪያ

ቴክኒሻኑ፦ ይህ ሁሉ መሣሪያ ሁለት ሰው ለምትይዝ አንዲት አውሮፕላን ነው? ቦሌ ሃንጋር ውስጥ ለቦይንግ ክንፍ ጥገና ስወጣ እንኳ ከመሣሪያ ክፍል ፈርሜ የምወስደው ከዚህ ያንስ ነበር።

ሠሪው፦ ጋሼ፣ እርስዎ ፈርመው ሲወጡ ከኋላዎ መጋዘን ሙሉ ዕቃ ነበረ። የጎደለዎትን ተመልሰው ይጠይቃሉ። እኔ የምሠራው ቨርጂኒያ ውስጥ፣ መኪና በሚቆምበት ጋራዥ ነው። መጋዘኑም፣ ፈራሚውም፣ ተረካቢውም እኔው ነኝ። ቫንስ የተባለው ኩባንያ የሚሸጠው እንዲህ ያለ ራስ የሚገጥሙት የአውሮፕላን ኪት ደግሞ ከአሥር ሺህ በላይ ሪቬት ይፈልጋል።

ቴክኒሻኑ፦ አሥር ሺህ መሆኑ አያስፈራኝም። የሚደጋገመው በአብዛኛው ሁለት መጠን ነው፤ ባለ 3/32 ኢንች እና ባለ 1/8 ኢንች፣ ማለትም 2.4 እና 3.2 ሚሊሜትር ግድም። ለአንዱ ቁጥር 40 ፑንታ፣ ለሌላው ቁጥር 30። አንድ ባለ 3ኤክስ ሪቬት ጋን፣ አንድ ጥሩ ባኪንግ ባር፣ አንድ የእጅ መጭመቂያ፣ ላሜራውን ገጥሞ የሚይዝ ክሊኮ በብዛት። በቃ። የቀረው ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው።

ሠሪው፦ ለጀማሪ እኔም የምመክረው ይህንኑ ነው። ግን የእጅ መጭመቂያውን እንውሰድ። ሪቬቱን ከሁለት ወገን ይዞ የሚጨምቀው ፊቱ ላይ የሚታሰረው ዮክ ነው። ጥልቅ ዮክ ከጠርዝ ራቅ ብሎ የተቀመጠ ሪቬት ጋ ይደርሳል፤ ነገር ግን ጥልቀቱ በጨመረ ቁጥር ሲጨመቅ አፉ ይከፈታል፣ ሪቬቱም ወደ አንድ ጎን ይተኛል። አጭሩ አይከፈትም፣ ግን አይደርስም። አፍንጫው የቀጠነው የሪቡን፣ የክንፉን የውስጥ አጥንት፣ እጥፋት አልፎ ይገባል፣ ለወፍራም ሪቬት ግን ጉልበቱ ያንሰዋል። አንዱን ብቻ ግዛ ሲሉኝ የትኛው ቦታ ተበላሽቶ እንዲቀር እየመረጡልኝ ነው?

ቴክኒሻኑ፦ መጭመቂያ በማይደርስበት ጋንና ባር አለልህ። ስንትና ስንት አውሮፕላን በጋንና በባር ተሠርቶ በርሯል።

ሠሪው፦ በርሯል፤ በሁለት ሰው ተሠርቶ። አንዱ ከውጭ ጋኑን ይዞ፣ ሌላው ከውስጥ ባሩን ደግፎ። እኔ ብዙውን ጊዜ ብቻዬን ነኝ። ደግሞ መጭመቂያ ጎረቤት አይቀሰቅስም። ከሁሉ በላይ ግን አንዴ ልክ ከተበጀለት የመጀመሪያውንም የመጨረሻውንም ሪቬት እኩል ያወጣዋል። የሪቬቱ ጭራ ሲደፈጠጥ ስፋቱ የግንዱን ውፍረት አንድ ተኩል እጥፍ፣ ቁመቱ ደግሞ የውፍረቱን ግማሽ መሆን አለበት፤ ለባለ 1/8ኡ 4.8 ሚሊሜትር ስፋት፣ 1.6 ሚሊሜትር ቁመት ማለት ነው። ማስተካከያውን በቁርጥራጭ ላሜራ ላይ ሞክሬ በዚህ ልክ ካቆምኩት፣ እጄ ቢዝልም ልኩ አይለወጥም። ጋን ላይ ግን ልኩን የሚወስነው ማስፈንጠሪያው ላይ ያለው ጣቴ ነው፤ ጣት ደግሞ ከሥራ መልስ፣ ማታ ላይ ይደክማል።

ቴክኒሻኑ፦ ይህን እቀበላለሁ። ለመጭመቂያና ለዮክ ገንዘብ ብታወጣ አልቆጣህም።

ሠሪው፦ ገንዘቡም ቢሆን ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። ጥሩ የሪቬት መሣሪያ ሥራው ሲያልቅ ገዥ አያጣም። ኪት የጀመረ ሌላ ሰው ሁልጊዜ አለ።

ቴክኒሻኑ፦ እሺ፣ ገንዘቡን እንተወው። የሚያስቆጣኝ ያ ጥግ ላይ ያለው ነው፤ ግራይንደሩ። የገዛኸውን መሣሪያ መልሰህ ትሞርዳለህ። ባለሙያ አስቦ፣ ለክቶ፣ ብረቱን አክሞ ያወጣውን ዕቃ አንተ ቅዳሜ ከሰዓት ታሻሽለዋለህ?

ሠሪው፦ ይቺን ባር ይያዟት። ስገዛት ማዕዘኗ ሁሉ ስለት ነበረው። የክንፉ ሽፋን 2024-ቲ3 አልክላድ ነው፤ ላዩ ላይ ስስ የንጹሕ አሉሚኒየም ልባስ አለው፣ ዝገት የሚከላከልለትም እሱ ነው። ጋኑ ሲመታ ባሯ አንዴ ሸርተት ካለች ማዕዘኗ ልባሱን ይጭረዋል። ጭረቱ ልባሱን አልፎ ከገባ ደግሞ፣ ነገ ስንጥቅ የሚነሳበት መስመር ተሰመረ ማለት ነው። ስለዚህ ማዕዘኖቹን መጀመሪያ በሞረድ ሰበርኳቸው። ከዚያ ከሻካራው ወደ ለስላሳው እያልኩ በብርጭቆ ወረቀት አሸኋቸው፤ ሪቬቱን የሚነካውን ፊቷን ደግሞ ፊት እስኪያሳይ ድረስ አብረቀረቅሁት። ጣትዎን ዙሪያዋን ያሂዱባት፤ የሚይዝዎት ነገር የለም።

ቴክኒሻኑ፦ ይሄ ማለስለስ ነው እንጂ መለወጥ አይደለም። ይህንን እኛም እናደርጋለን።

ሠሪው፦ ከዚህ የባሰውንም ታደርጋላችሁ። የአንጋፋ ላሜራ ሠራተኛ የዕቃ ሣጥን ሲከፈት አይተው የለ? ካታሎግ ላይ የሌለ ባር ሞልቶበታል። የአንዱ ጫፍ ሾሏል፣ የሌላው ጎን ተሸርፏል፣ የሦስተኛው ጀርባ ተቦርቡሯል። እያንዳንዱ የሆነ አውሮፕላን የሆነ ጠባብ ቦታ ላይ ሌላ ዕቃ እንቢ ሲል የተሠራ ነው።

ቴክኒሻኑ፦ አይቻለሁ፤ የራሴም ነበሩኝ። ልዩነቱን ግን ልንገርህ። እኔ የመታሁትን ሪቬት የሚያየው ሌላ ሰው ነው። ኢንስፔክተሩ መለኪያውን ይዞ ይመጣል፤ ወይ ይፈርማል፣ ወይ “አውጣው” ይለኛል። የሞረድኩት ባር ጥፋት ቢሠራ የሚይዘው ሁለተኛ ዓይን ነበረ። አንተ ጋ ማን አለ? ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ ይባላል። ራስን ሲመረምሩም እንዲያው ነው፤ ይለፍ የሚባለው ይበዛል።

ሠሪው፦ ጨርሶ ብቻዬን አይደለሁም። በፈረንጆች አቆጣጠር ከ1953 ጀምሮ ያለው ኢኤኤ፣ የቤት ሠራሽ አውሮፕላን ሠሪዎች ማኅበር፣ ልምድ ያላቸው በጎ ፈቃደኞች አሉት፤ ሲጠሯቸው መጥተው ሥራውን ያያሉ። ከመብረሬ በፊት ደግሞ የአሜሪካው የአቪዬሽን ባለሥልጣን የኤፍኤኤ ሰው ወይም ወኪሉ መርምሮ ነው የምስክር ወረቀት የሚሰጠኝ። እውነቱን ለመናገር ግን ክንፉ ከተዘጋ በኋላ የሚመጣ ሰው የሚያየው የሪቬቱን ራስ ነው፣ ጭራውን አይደለም። ስለዚህ ለራሴ አንድ ሕግ አወጣሁ። መሣሪያ ሁለት ዓይነት ነው፤ የሚደርስ አለ፣ የሚወስን አለ። የፑንታው ውፍረት ይወስናል። ጋኑ ጫፍ ላይ ገብቶ የሪቬቱን ራስ የሚያቅፈው የሪቬት ሴት (set) ጎድጓዳ ይወስናል። ለጠፍጣፋ ራስ ሪቬት የቀዳዳውን ዙሪያ ጨምቆ የሚያጎደጉደው የዲምፕል ዳይ 100 ዲግሪ ኮን ይወስናል። ያንኑ ጉድጓድ ላሜራውን በመቁረጥ የሚያወጣው የካውንተርሲንክ ጥልቀት መቆጣጠሪያ ይወስናል። የባር ጀርባ፣ የመጭመቂያ እጀታ፣ የሪቬት መጎተቻ አፍንጫ ግን የሚያደርሱ ብቻ ናቸው። የሚያደርሰውን እሞርዳለሁ፤ የሚወስነውን አልነካም።

ቴክኒሻኑ፦ በቃል ደረጃ ያምራል። በሥራ አሳየኝ።

ሠሪው፦ በአንድ በኩል ብቻ እጅ የሚያስገባ ቦታ ላይ በመሐሉ ሚስማር ያለውን የሚጎተት ሪቬት እንጠቀማለን። መጎተቻው ሚስማሩን ነክሶ ይስባል፣ ጭራው ከውስጥ ያብጣል፣ ሚስማሩ ይበጠሳል። አሁን ሪቬቱ ወደ ላይ ከታጠፈ ጠርዝ አጠገብ ነው እንበል። የመጎተቻው ራስ ወፍራም ስለሆነ ጠርዙ ይገፋዋል፤ ቀጥ ብሎ አይቀመጥም። ሰው ምን ያደርጋል? ወይ ሪቬቱን አዘንብሎ ይስበዋል፣ ወይ እጥፋቱን በፒንሳ ገፋ አድርጎ ሥራውን ሲጨርስ ይመልሰዋል። እኔ የመጎተቻውን አንድ ጉንጭ ሞረድኩ። በዚያ ካልሆነም ትንሽ የብረት ሽብልቅ በስቼ ሚስማሩን በቀዳዳው አሳልፋለሁ፤ መጎተቻው ሽብልቁ ላይ ጋደም ይላል፣ ሪቬቱ ግን ላሜራው ላይ ሙሉ ፊቱን ሰጥቶ ይቀመጣል። የተለወጠው መሣሪያው ነው። አውሮፕላኑ አልተነካም።

ቴክኒሻኑ፦ ይህንን ወደድኩት፤ እጥፋት ገፍቶ መመለስ ወንጀል ነው። ጠንካራ አሉሚኒየም ሁለት ጊዜ መታጠፍ አይወድም። ነገር ግን በቀላሉ አላልፍህም፤ ወደ ባሩ እንመለስ። ባር የሚሠራው በምንድን ነው?

ሠሪው፦ በክብደቱ።

ቴክኒሻኑ፦ በክብደቱ። ጋኑ ከፊት ሲመታ ከኋላ ያለው ክብደት አልንቀሳቀስም ስላለ ነው ሪቬቱ መካከል ላይ የሚደፈጠጠው። አንተ እንድትደርስልህ ብለህ ጎኗን ስትበላ ክብደቷን በላህ። ባሯ መዝለል ትጀምራለች። ጋኑን ረዘም አድርገህ ትይዛለህ። የሪቬቱ አሉሚኒየም፣ ያ 2117 የሚባለው ቅይጥ፣ በተመታ ቁጥር እየጠነከረ ይሄድና በመጨረሻ መስፋቱን ትቶ ጠርዙ ላይ ይሰነጠቃል። ታዲያ የምታደርስ ብቻ ናት ያልካት ባር እየወሰነች አይደለም?

ሠሪው፦ እየወሰነች ነው። ለዚህ ነው ከመሞረድ በፊት መምረጥ የሚቀድመው። ተንግስተን ከብረት ሁለት እጥፍ በላይ ይከብዳል፤ ብረት በኩብ ሴንቲሜትር 7.8 ግራም ገደማ ሲመዝን የተንግስተን ባር 17 እና ከዚያ በላይ ይመዝናል። ስለዚህ ትንሿ የተንግስተን ባር ሳትሞረድ ጠባቡ ቦታ ትገባለች፤ ክብደቷም ይዟት ይቀመጣል። ዋጋዋ ግን ከብረቱ በብዙ ይርቃል። የብረቷን ባር የምሞርደው ለባለ 3/32 ኢንች ሪቬት ብቻ ነው፤ እሱ ትንሽ ክብደትም ይበቃዋል። የጋኑንም አየር ዝቅ አደርጋለሁ።

ቴክኒሻኑ፦ ተንግስተን መግዛትህ ገንዘብህን አወጣ እንጂ ሕግህን አላዳነልህም። ሌላ ላንሳ። ያቺ ሴቴ የዲምፕል ዳይ አንድ ጎኗ ጠፍጣፋ ነው። ከፋብሪካ እንዲህ ሆና አትመጣም።

ሠሪው፦ ትክክል ነዎት፣ እኔ ነኝ የሞረድኳት። የራደሩ (የጭራው መሪ) ሪብ ወደ ኋላ እየጠበበ ሲሄድ የመጨረሻው ቀዳዳ ከሪቡ ግድግዳ ጋር ይጣበቃል። ሙሉዋ ዳይ ግድግዳው ላይ ትወጣለች። በግድ ብጨምቃት ግድግዳውን ትወቅረዋለች። ስለዚህ ግድግዳውን የምትነካውን ጎኗን ቆረጥኩ፤ ኮኑን ግን አልነካሁትም። ስሞርዳትም እየነከርኩ ነው፤ ብረቱ ወደ ሰማያዊ ከሄደ ጥንካሬው ስለሚወርድ በየትንሹ ውኃ ውስጥ አስገባታለሁ።

ቴክኒሻኑ፦ ኮኑን አልነካህም፤ በኮኑ ዙሪያ ላሜራውን የሚደግፈውን ትከሻ ግን ቆርጠሃል። በዚያ ጎን ላሜራው ከሥሩ የሚይዘው የለም። ዲምፕሉ በሦስት በኩል ጥርት ብሎ በአራተኛው ደብዘዝ ብሎ ይወጣል። የሪቬቱ ራስ እዚያ ላይ ሙሉ በሙሉ አይቀመጥም። በዓይን ብታየው ቀለም የሚሸፍነው ትንሽ ነገር ነው። ግን ጠፍጣፋ ራስ ሪቬት ለውበት ብቻ አልመጣም። ሃዋርድ ሂውዝ በ1935 ኤች-1 የተባለውን አውሮፕላኑን ያበረረው እንዲህ ባለ ሪቬት ነበር፤ ነፋሱ የሚይዘው እብጠት እንዳይኖር። ዛሬ አንተ ለዚያው ብለህ የምትሠራው ሥራ የሪቬቱን ጥንካሬ የሚያጎድል ከሆነ ምን ተጠቀምክ?

ሠሪው፦ የመጨረሻው ቀዳዳ ላይ ዲምፕል ሳላደርግ ካውንተርሲንክ ባደርገውስ?

ቴክኒሻኑ፦ ያማ የከፋ ነው። ላሜራህ 0.6 ሚሊሜትር አካባቢ ነው። ለባለ 3/32ኡ ሪቬት ካውንተርሲንክ ለመሥራት 0.8 ሚሊሜትር ውፍረት ያስፈልጋል። ከዚያ በሳሳ ላይ ስትቆፍር ቀዳዳው ይሰፋል፤ ጠርዙም ምላጭ ይሆናል። ምላጭ ጠርዝ ምን እንደሚያደርግ ለማወቅ የአሎሃ አየር መንገድን ቦይንግ 737 ማስታወስ ነው። ሚያዝያ 1988 ሃዋይ ላይ፣ በ24 ሺህ ጫማ ከፍታ የጣሪያው ላሜራ ተገንጥሎ ሄደ፤ አንዲት አስተናጋጅ ሞተች። ስንጥቆቹ የተነሱት ከሪቬት ቀዳዳዎች ጠርዝ ነበር።

ሠሪው፦ እሱን ምሳሌ ሙሉውን እንንገረው እንጂ። ያ አውሮፕላን ወደ 90 ሺህ የሚጠጋ ጊዜ ተነስቶ አርፏል። በየበረራው አካሉ በአየር ግፊት ይነፋል፣ ይተነፍሳል። ላሜራዎቹን ያያያዘው ሙጫ ለቋል፤ ጭነቱን ብቻቸውን የያዙት ሪቬቶቹ ናቸው። ዝገቱም አለ። ካውንተርሲንኩን ደግሞ ማንም በሞረደው መሣሪያ አላበላሸውም፤ ዲዛይኑ ራሱ እንዲያ ነበር። የእኔ አውሮፕላን ግፊት አይይዝም፤ ዕድሜ ልኬን ባበረውም ከዚያ ቁጥር አጠገብ አልደርስም።

ቴክኒሻኑ፦ ለእኔ ማስረጃ እየሰጠኸኝ ነው። መሐንዲሶች የተቀመጡበት ዲዛይን እንኳ የቀዳዳ ጠርዝ ላይ እንዲህ ከተታለለ፣ አንተ ጋራዥ ውስጥ በግራይንደር ምን ያህል ትታለላለህ? የቅርቡን ላንሳልህ። ቫንስ ራሱ ቀዳዳዎች በሌዘር እንዲቆረጡ አድርጎ ነበር። ላሜራው ዲምፕል ሲደረግ ከቀዳዳዎቹ ጠርዝ ስንጥቅ መውጣት ጀመረ። ኩባንያው በ2023 መጨረሻ ከኪሳራ ጥበቃ ሕግ ሥር ገባ። ፋብሪካ፣ ከነማሽኑ፣ ከነልምዱ።

ሠሪው፦ ጋሼ፣ ይህ ምሳሌ ለእርስዎ ሳይሆን ለእኔ ነው የሚመሰክረው። ሌዘሩ የለወጠው ምንድን ነው? ቀዳዳውን። ማለትም አውሮፕላኑን። የተለወጠው ዲምፕል ማድረጊያው ቢሆን ኖሮ ቁርጥራጭ ላይ ሞክረው ይጥሉት ነበር። እኔ ከመጀመሪያው የምለው ይህንን ነው፤ ጠባብ ቦታ ሲገጥም አንዱ መለወጡ አይቀርም፣ ወይ መሣሪያው ወይ ላሜራው። መሣሪያውን ከለወጥኩ ጥፋቱ እጄ ላይ ይቀራል፤ ልጥለው፣ ሌላ ልገዛ እችላለሁ። ላሜራውን ከለወጥኩ ግን ጥፋቱ አብሮኝ ይበርራል።

ቴክኒሻኑ፦ ጠባቡ ቦታ ሲያስቸግርህ ሁለት መንገድ ብቻ ለምን ታያለህ? ሦስተኛው ቆም ብሎ ማየት ነው። ሪቬቱ ካልተደረሰበት ብዙ ጊዜ ኋላ መምጣት የነበረበት ሥራ ቀድሞ ተሠርቷል ማለት ነው። ያኛው ሪብ ከመታሰሩ በፊት ይህኛው መመታት ነበረበት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው ለዚህ ነው። ሌላም አለ፤ ዲዛይን አድራጊው ራሱ ጠባቡን ቦታ ያውቀዋል፣ ሥዕሉ ላይ የሚጎተት ሪቬት ያስቀመጠበት ቦታ አለ። መሣሪያ የሚሞርድ ሰው ሥዕሉን ደግሞ ከማንበብ ግራይንደሩን ማስነሳት ይቀናዋል።

ሠሪው፦ የቅደም ተከተሉ ነገር እውነት ነው። ጠባብ የሚመስለው ቦታ አብዛኛው በቅደም ተከተል ይፈታል። ክሊኮ አስገብቼ፣ ሳልመታ፣ መጀመሪያ መሣሪያዬ መግባት አለመግባቱን እያየሁ ነው የምሄደው። የሚጎተት ሪቬት ግን ሁሉን አይፈታም፤ ሥዕሉ ጠንካራ ሪቬት ባለበት ቦታ ላይ እንደፈለግኩ ልተካው አልችልም።

ቴክኒሻኑ፦ ጽፈህ ትጠይቃለህ። ኢንጂነሩ ይፈቅዳል ወይም ይከለክላል።

ሠሪው፦ እጠይቃለሁ። ግን ከአንድ ጥያቄ አላልፍም። የሚጎተተው ሪቬት ጭራው ዝግ ውስጥ ነው የሚያብጠው። ማንም አያየውም፣ ማንም በመለኪያ አይለካውም። እርስዎ ባልታየ ሪቬት ተማምነው፣ እኔ የሞረድኳትን ባር ለምን ይጠራጠራሉ?

ቴክኒሻኑ፦ ምክንያቱም የሚጎተተው ሪቬት ራሱን የሚናገርበት መንገድ አለው። ሚስማሩ የሚበጠሰው በታወቀ ጉልበት ነው። በትክክለኛ ቀዳዳና ውፍረት ላይ ከተበጠሰ፣ ጭራው እንዴት እንደሚያብጥ አምራቹ ደጋግሞ ፈትኖታል። የአንተን ባር የፈተናት አንተ ብቻ ነህ። ያም ጠረጴዛ ላይ፣ መብራት በርቶ፣ ሁለቱ ክርንህ ተመችቶ። ክንፉ ውስጥ ስትገባ ትከሻህ ተጣሞ፣ አንገትህ ተቀልብሶ፣ ባሯን በሁለት ጣት ይዘህ ነው።

ሠሪው፦ ስለዚህ የምሞክረው ጠረጴዛ ላይ አይደለም። ከእንጨትና ከቁርጥራጭ ላሜራ ያንኑ ጠባብ ቦታ አስመስዬ እሠራለሁ፤ ያንኑ ውፍረት፣ ያንኑ ሪቬት፣ ያንኑ ጥምዝ አቀማመጥ። እመታና ላሜራውን ለያይቼ አየዋለሁ። ጭራው ከተጋደመ ወይም ዲምፕሉ በተሞረደው ጎን ከሰነፈ ዳዩ ወደ ቆሻሻ ይሄዳል። ከዚያ በኋላ ነው እውነተኛው ክንፍ ላይ የሚወጣው።

ቴክኒሻኑ፦ ጥሩ አድርገሃል። እንግዲህ አንድ ሕግ እኔም ልጨምርልህ። መለኪያህ የማይደርስበት ቦታ መሣሪያህም አይድረስ። ሪቬቱን መትተህ ጭራውን በመስተዋት አይተህ፣ በመለኪያ ነክተህ “ልክ ነው” ማለት ካልቻልክ፣ የሞረድከው መሣሪያ የረዳህ ጥፋት ለመደበቅ ነው።

ሠሪው፦ ሕጉን እቀበላለሁ፤ ግን መለኪያዬም ጠባቡ ቦታ አይገባም። እሱንም ልሞርደው ነው? መለኪያ ደግሞ ከሁሉም በላይ የሚወስን ነው።

ቴክኒሻኑ፦ እጀታውን ሞርድ፣ አፉን ተው። እጀታውን ሞርደህም ካልገባ ያንን ሪቬት አትምታው።

ሠሪው፦ ሳልመታው ከደረስኩበት እሺ። አጠገቡ ያሉት ሁሉ ተመትተው ካለቁ በኋላ ቢሆንስ? እርስዎ በሚሉት መንገድ ሦስት አራት ጥሩ ሪቬቶችን በድሪል አውጥቼ ሪቡን መፍታት አለብኝ። ሪቬት ሲወጣ ቀዳዳው መስፋቱ አይቀርም፤ አንዳንዱ ከዚያ በኋላ ወፍራም ሪቬት ይፈልጋል፣ ወፍራሙ ደግሞ ከጠርዙ ያለው ርቀት ከግንዱ ሁለት እጥፍ እንዳያንስ ያሰጋል። አንድ ያልተለካ ሪቬት እንዳይቀር ብዬ የተለኩ አራቱን ላበላሽ ነው?

ቴክኒሻኑ፦ ልታበላሽ ትችላለህ። የሰፋ ቀዳዳ ግን በመለኪያ ይታያል፤ ታውቀዋለህ፣ መፍትሔም አለው። መጀመሪያ ላይ የሙከራ በረራህን ተሳፋሪ ሳትይዝ ነው የምታደርገው። ያ ጊዜ ሲያልቅ ጎንህ የሚቀመጥ ሰው ይመጣል። ፊቱ ላይ አውሮፕላኑ አማተር የሠራው መሆኑንና የመደበኛ አውሮፕላን የደኅንነት ደንብ እንደማያሟላ የሚናገር ሰሌዳ አለ። ስለ አንተ ማንነት ተነግሮታል። ስላልተለካው ሪቬት ግን ማንም አልነገረውም።

ሠሪው፦ እርስዎ ቦሌ የጠገኑት ቦይንግ ውስጥ ለተቀመጠውስ የትኛው ሪቬት በተሞረደ ባር እንደተመታ ተነግሮት ያውቃል?

ቴክኒሻኑ፦ አያውቅም። የእያንዳንዱን ሪቬት ልክ ያየ ሁለተኛ ሰው ግን ስሙን ጽፎ ፈርሟል። አንተ ያንን ሰው በመሣሪያ ልትተካው አትችልም፤ በመለኪያ ብቻ ነው ልትጠጋው የምትችለው። ስለዚህ የሚታይ ጉዳት ከማይታይ ይሻለኛል።

ሠሪው፦ እኔ ደግሞ ጉዳቱን ከመጀመሪያው የሚያስቀረውን መሣሪያ እመርጣለሁ። በድሪል የማወጣቸው አራቱ ሪቬቶች ሁለተኛ ዓይን ቢያያቸውም መልሰው ጥሩ አይሆኑም።

ቴክኒሻኑ፦ እንግዲያው ነገ ያንን ሪብ ከማሰርህ በፊት መለኪያውን አምጣና አብረን እናስገባው። ከገባ ባርህን ሞርድ። ካልገባ ክሊኮውን ንቀለው፤ ገና አንድም ሪቬት አልተመታም።